ያልሠራሁት ጎሜ

በእኛ አገር ሰነፍ ከመባል ሌባ መባል ይቀላል። ለጨዋታ አይደለም ይህን የምለው። የመጀመሪያውን ፈርቼ ሁለተኛውን በገዛ አፌ ነው ያስባልኩት።

ጣሊያን ሶዶ ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሃያ ዓመት አልፎኝ ነበር፣ ሚስት ግን አላገባሁም። ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ በዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው። አባቴ ከሞተ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ ነበርና በቤቱ የቀረነው እኔና እናቴ ብቻ ነን። ልጅ ሆኜ ከተማ ውስጥ በአንድ መኮንን ቤት ሳገለግል አማርኛ ስለለመድኩ፣ ከፍ ስል የዳኛው አስተርጓሚ አደረጉኝ። ባለጉዳዩ በወላይትኛ ያለቅሳል፣ እኔ በአማርኛ አቀርባለሁ፤ ዳኛው በአማርኛ ይቆጣሉ፣ እኔ በወላይትኛ እቆጣለሁ። የሰው ቁጣ ስቆጣ ስለምውል የራሴ ነው የሚመስለኝ፤ እዚያ ሰፈር ከእኔ የበለጠ የሚንጎራደድ ሰው አልነበረም። አባቴን ያወቁ ሁሉ የእሱን ትሕትና ያነሱብኝና አንተ በማን ወጣህ ይሉኝ ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት መነሳት አቃተኝ።

ትኩሳት የለኝም፤ የሚቆርጠኝም፣ የሚወጋኝም ነገር የለም። እግሬም እጄም በቦታው ነው። ብቻ ተነሥቼ ፊቴን መታጠብ ዳሞታን እንደ መውጣት ከበደኝ። ነገ ይሻለኛል ብዬ ተኛሁ፤ በማግስቱ ባሰብኝ። እናቴ ቦይና፣ ጎደሬውን፣ ቀቅላ ታመጣልኛለች፤ አንዱን ልጬ ይዤው እቆያለሁ፣ ሲቀዘቅዝ መልሼ ከሳህኑ አኖረዋለሁ። ያለ ምክንያት እንባዬ ይመጣል። ያን ጊዜ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ። ለምን ብላ ብትጠይቀኝ የምነግራት አልነበረኝም፤ ከለቅሶውም ይልቅ ያሳፈረኝ ይኸው ነው። አባቴ የሞተ ጊዜ እንኳ እንደዚህ አልሆንኩም። የዛሬ ልጆች ድብርት ይሉታል አሉ። እኛ ያኔ ስሙን ብናውቀው ኖሮም እኔ አልጠራውም ነበር።

የበልግ ሥራ የገባበት ሰሞን ነው። ማለዳ ወንዱ ሁሉ መቆፈሪያውን ተሸክሞ በደጃችን ያልፋል። ድምፃቸውን ስሰማ መሳል እጀምራለሁ። የውሸት ሳል! ሲቀርቡ አጠነክረዋለሁ፣ ሲርቁ አቆማለሁ። ለሳል ማንም አያፍርም። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና ቀና ብላ ታየኛለች፤ ዐይኔን በጨው ታጥቤ አንድ ሁለቴ እጨምርላታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ማር ፈልጋ አመጣችልኝ። ኋላ ግን ሳሌ መንገደኛ ሲያልፍ ብቻ እንደሚነሣ ገባት መሰለኝ፣ ማሩን ከፍ አድርጋ ሰቀለችው።

ምክር አልጎደለኝም። ከከተማ ዳኛው የላኩብኝ ሰው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጠበል ይጠመቅ፣ ካልሆነም ሥራውን ለሌላ ይልቀቅ ማለታቸውን ነገረኝ። ሥራውን ለቀቅሁ። ከተማ ያሉት የሚሲዮን ፈረንጆች ሐኪም ዘንድ ሂድ ያለኝም ነበር፤ አንድ ቀን ተነሥቼ ግማሽ መንገድ ሄጄ ነበር። ከዚያ ሐኪሙ የቱ ጋ ነው የሚያምህ ሲል፣ አስተርጓሚው ደግሞ መልሴን ጠብቆ ሲቆም በሐሳቤ ታየኝ። እኔ ያን ሥራ አውቀዋለሁ። መልስ የሌለው ባለጉዳይ እንዴት እንደሚያናድድ አውቃለሁ። ከመንገድ ተመለስኩ፤ ለእናቴም ሐኪሙ የለም አልኳት።

የሰፈራችን ሰው ግን አልተጠራጠረም። ጎሜ ነው አሉ።

ጎሜ ማለት ያልተፈቀደውን ማድረግ ነው፤ ድንበር መግፋት፣ በሐሰት መማል፣ የሟች ኑዛዜ ማፍረስ። ያን ያደረገ ሰው ካልተናዘዘ ይከሳል፣ ከብቱም ያልቃል፣ በመጨረሻ ራሱም ይሞታል ይባላል። ስለዚህ በዱቡሻ፣ ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት ሜዳ ላይ፣ ቆሞ የሸሸገውን ያወጣል። ከወጣለት ይድናል። እናቴ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄዳ ለመነቻቸው። የመጡ ጊዜ ሁለት ሰዎች ደግፈው ወሰዱኝ።

ሜዳው ላይ፣ ከዛፉ ሥር፣ ሰው ሞልቷል። ከሽማግሌዎቹ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ሰው፣ «ልጄ፣ የሸሸግኸውን አውጣ» አሉኝ። አሰብኩ። መኮንኑ ቤት ሳለሁ ሥጋ ሰርቄ መብላቴን ተናገርኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ባለጉዳይ ሲናገር አሳጥሬ መተርጎሜን ተናገርኩ። ከኋላ ሰው ሳቀ።

«ይህ ሰውን አልጋ ላይ አይጥልም» አሉ ሽማግሌው። «ትልቁን አውጣ።»

ትልቅ አልነበረኝም። እውነቱ፣ ምንም አላደረግሁም፣ ግን መኖር ከበደኝ፣ እርዱኝ፣ የሚል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ስል መቆፈሪያቸውን ተደግፈው የቆሙትን የእኩዮቼን እጆች አየሁ። አፈሩ እስከ ክርናቸው ደርቋል። የእኔ እጅ የሁለት ወር እንቅልፍ አለስልሶት እንደ አራስ እጅ ነጥቷል። ምንም ካልሆነ እንግዲህ ስንፍና ነው ይላሉ፤ ሌላ ምን ይሉታል?

«ድንበር ገፍቻለሁ» አልኩ።

 የድንበር ክርክር በዳኛው ፊት ስንቱን አስተርጉሜአለሁና ቃሉ አልጠፋኝም። አባቴ በሞተ ሰሞን፣ የሚያየኝ ሳይኖር፣ በእኛና በጎረቤታችን መካከል ያሉትን ሦስት ድንጋዮች ነቅዬ ስድስት እርምጃ ወደ እሳቸው ወስጄ ተከልኳቸው፣ አልኩ። ስድስት እርምጃውን ያልኩት ልክ ያለው ውሸት ስለሚታመን ነው። ተናግሬ ስጨርስ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። የሁሉም ፊት ተለውጦ ነበር። ሌባ ነበርኩ፣ ግን የገባቸው ሌባ።

ጎረቤታችን እዚያው ተቀምጠው ነበር። የአባቴ እኩያ ናቸው፤ ዝምተኛ፣ አንዱን ዐይናቸውን ሞራ የጋረደው ሰው። አዩኝ። ምንም አላሉም።

በዚያው ቀን ድንጋዮቹን ለመመለስ ሁሉም ወደ ጓሯችን ሄደ። አንድ ጎልማሳ የመጀመሪያውን ድንጋይ ለመንቀል ሲታገል እምቢ አለው። ሽማግሌው አጠገቡ ተንበርክከው አፈሩን በእጃቸው ጠረጉ። ሥር ድንጋዩን ጠምጥሞ ይዞታል። ሥሩ የጣት ውፍረት አለው።

«ይህ ድንጋይ ከተተከለ ሁለት ዓመቱ አይደለም» አሉ ቀስ ብለው። «ይህ ልጅ ሳይወለድ እዚህ ነበር።»

ተያዝኩ አልኩ በልቤ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነው። ሽማግሌው ግን ቀና ሲሉ ዐይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። እጃቸውን ራሴ ላይ አኖሩት።

«ልጁ አይደለም የገፋው» አሉ። «አባቱ ነው። ልጁ የአባቱን ጥፋት በራሱ ላይ ወሰደው። እንዲህ ያለ ልጅ ይባረክ።»

እዚያ ላይ አይደለም ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነው። ስንት ሰው ፊት ቆሜ የስንቱን ቃል ያለ ፍርሃት የተናገርኩ ሰው፣ የራሴን አንድ ቃል አጣሁ። አንገቴን ደፋሁ። እነሱም አንገት መድፋቴን እንደ አዎ ወሰዱት። ድንጋዮቹ ስድስት እርምጃ ወደ እኛ ገቡ፤ እናቴ ከችግኝ ጀምራ ያሳደገቻቸው፣ ለመፋቅ የደረሱ ዐሥራ ስድስት እንሰቶች የጎረቤታችን ሆኑ። እርጥብ ሣር ይዘው መረቁኝ። እናቴ በበሩ ላይ ቆማ ታይ ነበር።

ማታውን ሰው ከሄደ በኋላ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባትህ ይህን መቼ ነገረህ?» አለችኝ።

ገና ጊዜ ነበረኝ። እሷና እኔ ብቻ ነን። ግን ያ ሁሉ ሽማግሌ ሲባርከኝ ውሎ ለእሷ ዋሽቼ ነው ማለት እንዴት ይቻላል?

«ሊሞት ሲል» አልኳት።

«ለእኔ ሳይነግረኝ» አለች። 

አምስት ስድስት ቀን ተሻለኝ። ሰው ሁሉ ተለሳልሶልኝ ነበር፤ መብላት ጀመርኩ፣ ደጅ ወጥቼ ፀሐይ ሞቅሁ። ሽማግሌዎቹም ዳነ ብለው አወሩ። ከዚያ ያው ጠዋት ተመልሶ መጣ። አሁን ደግሞ መታመም እንኳ ተከለከልኩ፤ የዳነ ሰው እንዴት ይተኛል? ሳሉንም ተውኩት፤ ለማን ብዬ?

እናቴን ግን እመለከታት ነበር። ሴቶቹ እንሰት ለመፋቅ ተራ ገብተው ዛሬ በአንዷ ነገ በሌላዋ ጓሮ ይሰበሰባሉ። እናቴ ከእነሱ ቀርታ አታውቅም፤ ወሬውም ሳቁም እዚያ ነው። አሁን ብቻዋን ትፍቃለች። አንድ ቀን ሄዳ ነበር፤ ስትደርስ ወሬያቸውን አቋረጡ አለችኝ። ሦስት ልጆች ወልዳለት፣ ሁለት ቀብራለት፣ በስተርጅና የድንበር ሌባ ሚስት ሆነች። በአንዲት ቃሌ።

አባቴ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ነበረው፤ ራሱ የጠረበው። ከሞተም በኋላ በምሰሶው ሥር በቦታው ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ትወለውለዋለች፤ ማንም አይቀመጥበትም፤ እኔም ተቀምጬበት አላውቅም። አንድ ቀን፣ ሦስት ወር ሊሞላ ሲል፣ ለመሽናት ስወጣ በጥጆቹ ማሰሪያ አጠገብ አየሁት። ተገልብጦ በእበት ተለውሷል። ጥጃዋ አንዱን እግሩን ትልሰዋለች።

ማን አወጣው ብዬ አልጠየቅሁም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ ያን ጊዜ እንኳ ምክንያት ነበረኝ። ከዚያ ፊቴን ሳልታጠብ ወደ ጎረቤታችን ሄድኩ።

በዐሥራ ስድስቱ እንሰቶች መካከል ነው የማልፈው። የተቆረጡ መስሎኝ ነበር። አንዱም አልተነካም። ሥራቸው ተኮትኩቷል፣ የደረቀው ቅጠል ተገፍፏል፤ እናቴ እንደምትይዛቸው ተይዘዋል። ጎረቤታችን ከወዲያ እየቆፈሩ ነበር። ሲያዩኝ መቆፈሪያቸውን አቆሙት።

«አባቴ ድንበር አልገፋም» አልኳቸው፤ ሰላምታም አልሰጠሁ። «እኔም አልገፋሁም። ዋሽቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ።

«ያውቃሉ?»

«እነዚያን ድንጋዮች የተከልነው እኔና አባትህ ነን። አንተ በእናትህ ሆድ ነበርክ። አንዱን ድንጋይ እግሬ ላይ ጥሎት፣ እየው፣ ጥፍሩ እስከ ዛሬ እንዲህ ነው።» እግራቸውን አነሡልኝ።

በሸፍጤ አፍሬ የሄድኩ ሰው ተናደድኩ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

መሬቱ ላይ ተቀመጡ፤ ጎናቸውን መታ መታ አድርገው አስቀመጡኝ። «ፊትህን አየሁት» አሉ። «የሚሞት ሰው ፊት ነው። ውሸት ነው ብል ሌላ ጎሜ አምጣ ይሉሃል። በዚህ መሬት የሚድን ከሆነ ይዳንበት፣ ኋላ እመልስለታለሁ አልኩ። ኋላ ድንጋዩን አይተው ባባትህ ላይ ሲያደርጉት፣ እኔም ደንግጬ ቀረሁ። አንድ ቀን ካለፈ በኋላ፣ ለምን ትናንት አልተናገርክም ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ከዚያ በየቀኑ ባሰ። ሚስቴን እንሰቱን እንዳትነኪ አልኳት፤ ያደረግሁት ይኸው ብቻ ነው። ጓደኛዬ ነበር እኮ።»

 ከዚያ፣ «ታዲያ ምን ሆነህ ነበር?» አሉኝ።

«ምንም» አልኩ። «ምንም አልሆንኩም። መነሳት አቃተኝ። ምግብ አይጥመኝ፣ ሰው ማየት አልወድ። አሁንም እንደዚያው ነኝ። ሰነፍ የሚሉኝ መስሎኝ ነው ሌባ ነኝ ያልኩት።»

ይስቃሉ ብዬ ነበር። አልሳቁም፤ አልመከሩኝምም። «ጠዋት ነው የሚብስህ?» ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። «እንግዲያ ጠዋት እመጣለሁ» አሉ። «ካልተነሣህ አጠገብህ እቀመጣለሁ። ለሥራ እንዳይመስልህ።» ከዚያ ደግሞ፣ «መጀመሪያ ግን ለእናትህ ንገራት» አሉኝ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። መጀመሪያ ለሽማግሌዎቹ መናገር ቀለለኝ፤ ፈሪ ነኝ። በዱቡሻው ድጋሚ ቆምኩ። ስናገር ከፊሉ ሰው ተቆጣ፤ አንዱ፣ «በእኛ ልትጫወት ነው?» ብሎ ተነሣብኝ። ጎረቤታችን ቆመው ስለራሳቸው ዝምታ ሲናገሩ ነው የበረደው። የሚንቀጠቀጥ እጅ ያላቸው ሽማግሌ በሟች ላይ መዋሸቴን ጎሜ ብለው አናዘዙኝ፤ ለዚያ ሥርዓት ነበራቸው። ለሌላው፣ መነሳት ለከለከለኝ ነገር፣ ምን እንደሚደረግ አንዳቸውም አላወቁም። ሽማግሌው ግራ ተጋብተው አዩኝና፣ «ይህስ ከየት መጣ?» አሉ፤ እኔን አይደለም የጠየቁት። እርጥቡን ሣር እንደያዙ ቀሩ።

ቤት ስደርስ እናቴ ድንጋዮቹ ሲመለሱ አይታለች። በሩ ላይ ቆሜ ነገርኳት፤ ሳሉን ሳይቀር፣ ሐኪሙንም፣ «ሊሞት ሲል» ያልኳትንም።  ስጨርስ አልፋኝ ወጣች። በርጩማውን አምጥታ በውሃ አጠበችው፤ እበቱ ደርቆ ስለነበር በጥፍሯ እየቧጠጠች። ካጠበችው በኋላ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

«ሦስት ወር» አለች። «ሦስት ወር ሙሉ ስሰድበው ኖርኩ። በመሸ ቁጥር፣ በነጋ ቁጥር። የማይባል ነገር ብዬዋለሁ። የመቃብሩን አፈር እንኳ ሄጄ ረግጬበታለሁ።» ቀና አለች። «አንተ ሽማግሌ አለህ። ቆመህ ተናገርክ፣ ወጣልህ። ሴት በዱቡሻ አትናገርም። እኔ ይህን ለማን ልንገር?»

 «ለእኔ ንገሪኝ» አልኳት።

 ነገረችኝ፤ ለአባቴ ያለችውን ስድብ ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ ሳታስቀር። ሥራዬ የሰው ቃል ተቀብሎ ለሌላው ማቀበል ነበር። ያን ቀን የተቀበልኩትን የማቀብለው ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የራሴ ነበር።

ጎረቤታችን በማግስቱ ጠዋት መጡ፤ በሠልስቱም። ሕመሙ አልለቀቀኝም፤ እየሄደ ይመለሳል፣ እስከ ዛሬም። አሁን ሲመጣ ለቤተሰቤ «መጥቷል» እላቸዋለሁ፤ አልስልም።

ያን ቀን ግን እናቴ ተናግራ ስትጨርስ፣ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና በርጩማውን ወደ እኔ ገፋችው።

«ደክሞሃል፤ ተቀመጥ» አለችኝ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በርጩማው ዛሬ እኔ ቤት ነው፤ ጠዋት ጠዋት እወለውለዋለሁ። እስካሁን አልተቀመጥኩበትም።